የዩኒቨርሲቲ ልሳን በውድድር ሰሞን



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰው ለሕዝብ ጉባኤ የማይመጥን የወጣቶች የትርፍ ጊዜ ወሬ መስሎ ሊታየው እንደሚችል አልስተውም፤ ጉዳዩም ዩኒቨርሲቲዎች በቅርጫት ኳስ ሲወዳደሩ የዩኒቨርሲቲውን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ይዞ በሜዳው ዳር ተቀምጦ ለዓለም የሚያወራው ሰው ሥራው ምን እንደሆነ፣ ሥልጣኑስ እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ መመርመር ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ትምህርት ቤት ስም ከግቢው አጥር ተሻግሮ፣ ስለ ትምህርቱ ይዘትም ሆነ ስለ መምህራኑ ማዕረግ ደንታ በሌለው ሰው ጆሮ የሚገባበት ቀን በዓመት ውስጥ ከጥቂት እንደማይበልጥ፣ ከእነዚያም ጥቂት ቀኖች የሚበዙት የምርቃት፣ የውድድር፣ ወይም እግዚአብሔር ያርቅልንና የረብሻ ቀኖች መሆናቸውን ያስተዋለ ሁሉ፣ በዚያች ሰዓት በዩኒቨርሲቲው ስም የሚናገረው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የዋዛ ጥያቄ እንዳልሆነ ይረዳል።

በቀድሞው የመንግሥታችን ሥርዓት የንጉሡን ቃል የሚያሰማ አፈ ንጉሥ፣ ትእዛዙን የሚጽፍና ማኅተሙን የሚጠብቅ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር፤ ለእነዚህም ሹመቶች የሚታጩት ሰዎች ከዕውቀታቸው ጋር አንደበታቸውን የመግዛት ችሎታቸው ጭምር ይመዘን ነበር። ዛሬ የአንድ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ማኅተም፣ ይኸውም በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት በስሙ የመናገር ሥልጣን፣ ከተመረቀ ብዙ ያልቆየ አንድ ወጣት በኪሱ በያዘው ስልክ ውስጥ ይገኛል። ወጣትነቱን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ሹመቱን ሳይነግሩ የሾሙትን አለቆቹን ነው፤ ያ ልጅ ጥሩ ሲጽፍ ምስጋናው የተቋሙ ይሆናልና፣ ሲሳሳት ግን የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በራሱ ስም ይወጣለታል።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፣ ቅርጫት ኳስ ከብዙዎቹ ጨዋታዎች የሚለየው የተወለደበት ቦታና ዘመን፣ የወላጁም ስም ሳይቀር በትክክል የታወቀ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማኅበር የመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ ካናዳዊ፣ ውጭው በረዶ ሆኖባቸው በአዳራሽ ውስጥ ተዘግተው የታከታቸውን 18 ተማሪዎች የሚያጫውትበት ነገር ቢቸግረው፣ ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ ግራና ቀኝ አስቸንክሮ፣ 13 ደንቦች ጽፎ፣ የእግር ኳስ ሰጥቶ አጫወታቸው። የቅርጫቱ ቂጥ ስላልተቀደደ ኳሷ በገባች ቁጥር በመሰላል ወጥቶ የሚያወርዳት ሰው ያስፈልግ ነበር። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ጨዋታው ከተፈለሰፈ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በጥር ወር 1892፣ «ትራያንግል» የተባለው የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ደንቦቹን አትሞ አወጣ፤ ጋዜጣውም የማኅበሩ ቅርንጫፎች ወዳሉባቸው ከተሞች ይላክ ስለነበር፣ ኔይስሚዝን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ወጣቶች ጽሑፉን እያነበቡ ቅርጫት ሰቀሉ። በዚያው ማኅበር መንገድ ጨዋታው ባሕር ተሻግሮ ብዙ አገር ደርሷል፤ በእኛም አገር በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ወወክማ ሲባል የኖረው የማኅበሩ ቅርንጫፍ ወጣቶችን ከዚህ ጨዋታ ጋር ካስተዋወቁት አንዱ ነበር። እንግዲህ ቅርጫት ኳስና የትምህርት ቤት ልሳን ከጥንት ከመሠረቱ አብረው ያደጉ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። አሜሪካኖች በየዓመቱ በመጋቢት ወር የሚያደርጉት የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1939 በ8 ቡድኖች ተጀምሮ ዛሬ በወንዶቹ በኩል 68 ቡድኖች የሚሰለፉበት ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ቡድኖቹ በአራት ክፍል ተመድበው በየምድባቸው ከ1ኛ እስከ 16ኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ አንደኛውም መጀመሪያ የሚገጥመው ዐሥራ ስድስተኛውን ነው። በወንዶቹ ውድድር እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ዐይነት 135 ጊዜ ተገጣጥመው 135 ጊዜም አንደኛው አሸንፎ ነበር። (በሴቶቹ ግን የሃርቫርድ ልጆች ስታንፎርድን እ.ኤ.አ. በ1998 አሸንፈው ነበር፤ ይህን ወንዶቹን ብቻ የሚያዩ ጸሐፊዎች ዘወትር ይዘነጉታል።) መጋቢት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ በሻርሎት ከተማ፣ ከጠቅላላው ውድድር የመጀመሪያውን ደረጃ ይዞ የገባው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በባልቲሞር አጠገብ ከሚገኝ፣ በምኅጻር ዩ.ኤም.ቢ.ሲ. ከሚባል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገጠመ። እስከ ዕረፍት 21 እኩል ነበሩ፤ ከዕረፍት መልስ የሆነውን ግን ማንም አልጠበቀውም፤ ትንሹ 74 ለ54 አሸነፈ።

በዚያች ሌሊት የዚህን የማይታወቅ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል የትዊተር ገጽ የያዘው አንድ ሠራተኛ ነበር። ጨዋታው ሲጀመር ገጹን የሚከታተለው ጥቂት ሺህ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ቀን ከመቶ ሺህ በላይ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽም ሊያየው የመጣውን ሰው መሸከም አቅቶት ተቋረጠ። ያ ሠራተኛ ምን አደረገ ቢባል፣ ከጨዋታው በፊት የዩኒቨርሲቲውን ስም እንኳ ለይተው ለማያውቁ ሰዎች በቀልድ እየመለሰ፣ ቨርጂኒያ ማሸነፉ የማይቀር ነው ብለው የደመደሙትን የቴሌቪዥን ተንታኞች በለሰለሰ ተረብ እየነካካ፣ ነጥቡን በጊዜው እየተናገረ፣ ደስታውንም ሳይደብቅ አደረ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ምሥጢሩ ቀልዱ ውስጥ ያለ መስሎት በየአገሩ ያሉ የተቋማት ገጾች ከዚያ ወዲህ ቀልደኛ ለመሆን ሲታገሉ እናያለን። እኔ ግን ቀልዱ በሩን ከፈተ እንጂ ቤቱን አልሠራም እላለሁ። በቀልዱ ተስበው የመጡት ሰዎች ወደ ውስጥ ሲገቡ ያገኙት በቼዝ ቡድኑ ከታላላቆቹ ጋር እየተወዳደረ ዋንጫ የሚያነሣ ትምህርት ቤት፣ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶችን በሳይንስ እስከ ዶክተርነት ማዕረግ በማድረስ ስሙ የተጠራ፣ በ12 ዓመታቸው በበርሚንግሃም ከተማ ለእኩልነት በተደረገው የልጆች ሰልፍ ላይ ተይዘው የታሰሩት የሒሳብ ሊቅ ፍሪማን ህራቦውስኪ በፕሬዚዳንትነት የሚመሩት ተቋም ነበር። ያ ሁሉ ባይኖር ኖሮ የመቶ ሺው ሰው ጉብኝት ከጨዋታው ጋር ያበቃ ነበር።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ሌላ ነገር በዚያው ሰሞን ታይቷል። በቺካጎ የሚገኘው ሎዮላ የተባለ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሳይጠበቅ እስከ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ሲደርስ፣ ከተጫዋቾቹ ሁሉ ይበልጥ ስማቸው በዓለም የናኘው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ የቡድኑን ቀለም ያለው ሻርብ በአንገታቸው ጠምጥመው ጨዋታውን የሚከታተሉት የ98 ዓመቷ መነኩሲት ሲስተር ጂን ነበሩ። እኚህ እናት የቡድኑ ነፍስ አባት እንደማለት ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያገለገሉ ሲሆን፣ ከጨዋታው በፊት ጸሎት አድርሰው፣ ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ማን ኳስ እንዳባከነ፣ ማን ከቅርጫቱ ሥር እንደተዘናጋ የሚዘረዝር መልእክት ለተጫዋቾቹ ይልኩ ነበር። እንዲህ ያለችን እናት ማንም የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ በስብሰባ ፈጥሮ ሊያመጣት አይችልም፤ ዩኒቨርሲቲው ከሃያ ዓመት በላይ አክብሮ በቤቱ አኑሯት ነበርና፣ ዓለም ዞር ብሎ ባየ ጊዜ ከዚያው ከቦታዋ አገኛት። በየዩኒቨርሲቲዎቻችን ግቢ ውስጥ ለዘመናት የተማሪውን ስም በቃሉ የሚያውቅ የበር ጠባቂ፣ የሜዳውን መስመር በእጁ የሚያሰምር ሽማግሌ፣ ልጆቹ ሲሸነፉ ሻይ የምታቀርብ የካፌ ሠራተኛ አለ፤ የገጹ ጠባቂ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሪባን ሲቆረጥና ባለሥልጣን ሲጨባበጥ ብቻ ነው ፎቶ የሚያነሣው።

ወደ ተረቡ ልመለስ፤ የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ተፎካካሪን በነገር መውጋት ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም። በገና ዕለት ጎረምሳው በሁለት ወገን ተሰልፎ ጥንጓን በገና ዱላ ሲያሳድድ፣ አሸናፊው ወገን የተሸናፊውን መልክ፣ የአገሩን እህል፣ የአለቃውን ስስት ሳይቀር በግጥም ሲዘረጥጥ ይውላል፤ ጌታ የሆነ ሰው እንኳ በዚያ ቀን ሎሌው ቢሰድበው አይቆጣም የሚለው ልማድ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነው። ይህ ልማድ ያን ያህል ዘመን ሳይበላሽ የኖረበትን ምክንያት ግን ልብ ብለን መርምረነው አናውቅም። ተሳዳቢውና ተሰዳቢው በስም ይተዋወቃሉ፤ አንዱ የሌላው አማች ወይም የክርስትና ልጅ ነው። ስድቡን የሚሰማው በሜዳው ላይ ያለው ሕዝብ ብቻ ነው፤ ያም ሕዝብ ሁሉ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። ከሁሉም በላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ፈቃዱም አብሮ ይጠልቃል፤ በማግሥቱ ያንኑ ግጥም ደግሞ የተናገረ ሰው ዳኛ ፊት ይቆማል።

በስልክ መስኮት ላይ የተጻፈ ተረብ ከእነዚህ ጠባቂዎች አንዱም የለውም። አንባቢው ጸሐፊውን አያውቀውም፣ ሜዳውን አላየውም፣ የሚያነበውም ምናልባት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሌላ ሰው ቆርጦ በሌላ ርእስ ሥር ለጥፎት፣ በሌላ ክልል ሆኖ ነው። የገናው ስድብ ማታ ይሞታል፤ የገጹ ስድብ ግን ማታ ላይ ገና መባዛት ይጀምራል። ይህን አደጋ በአገራችን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በ2010 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት በወልድያና በመቐለ ከተማ ክለቦች መካከል ወልድያ ላይ ሊደረግ የነበረው የእግር ኳስ ግጥሚያ፣ ንብረት ባወደመ ረብሻ ምክንያት ሳይካሄድ መቅረቱን በዚህ ጉባኤ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ያን ረብሻ የስልክ ወሬ ብቻ ወለደው አልልም፤ የፖለቲካው ቋያ ከሥር ይነድ ነበር። ነገር ግን ኳስ ሜዳና የብሔር ቁስል በተገናኙበት አገር የተቋም ማኅተም የያዘ ሰው የሚጽፈው ቀልድ በባልቲሞር ከሚጻፈው ጋር አንድ ሚዛን ላይ ሊቀመጥ አይገባውም።

እንግዲህ ቀልድ ጨርሶ ይቅር ማለቴ ነውን? አይደለም። ዝምታና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የመሰለ ንግግር ወጣቱን ከገጹ ያባርረዋል፤ የተባረረውም ወጣት ስም የለሽ ወደሆኑት የቴሌግራም ቻናሎች ይሄዳል፤ በዚያ የሚጠብቀው ቀልድ ደግሞ ምን ዐይነት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ራስህን ቀልድበት፤ የሚንቅህን ኃያል ቀልድበት፤ ተንታኙን፣ ትንቢተኛውን፣ አሠልጣኝህን ሳይቀር እርሱ ከፈቀደ ቀልድበት። የተጋጣሚህን ቋንቋ፣ የመጣበትን አገር፣ የእናቱን ቤት፣ ያለፈበትን ረሀብና ጦርነት አትንካ። የዩ.ኤም.ቢ.ሲ. ቀልድ ያማረበት ታናሽ በታላቅ ላይ የተናገረው ስለነበረ ነው፤ ብዙ አሥርት ዓመታት የኖረ፣ ሕንጻው የሞላለት ዩኒቨርሲቲ በቅርቡ በተከፈተና መጻሕፍት ቤቱ ገና ባልተሟላ ዩኒቨርሲቲ ላይ ያንኑ ቢናገር ቀልድነቱ ቀርቶ ግፍ ይሆናል።

ስለ ተሸናፊ ክብር ካነሣሁ አይቀር፣ እኛ በመቐለ ምሳሌውን ከሩቅ መዋስ አይኖርብንም። ዛሬ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ባለበት በእንዳየሱስ ኮረብታ ላይ፣ ከአምባላጌ ጦርነት በኋላ፣ ሻለቃ ጋሊያኖ የተባለ የኢጣሊያ መኮንን ምሽግ ይዞ ተከበበ፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተይዞበት በውኃ ጥም ከተጨነቀ በኋላም እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1896 ምሽጉን ለቀቀ። አፄ ምኒልክ ግን መሣሪያውን ሳይገፉት፣ የጭነት በቅሎ እንዲያገኝ አድርገው፣ ራስ መኰንንን አጅበው እንዲሸኙት አዘዙ። በዚህ ውሳኔ ውስጥ የፖለቲካ ስሌት እንደነበረበት የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ፤ ቢኖርበትም የተሸነፈን ሰው አዋርዶ ከመስደድ አክብሮ መሸኘት ለአሸናፊው ራሱ የሚበጅበት ጊዜ መኖሩን ያሳያል። በዚያው ኮረብታ ላይ የሚማር ተማሪ ከእንግዳ ቡድን ጋር ተጫውቶ ሲያሸንፍ፣ የዩኒቨርሲቲው ገጽ የእንግዳውን ምርጥ ተጫዋች በስሙ ጠርቶ ቢያመሰግን ከአያቶቹ ልማድ አልወጣም።

አሁን ደግሞ ሥራውን ቀርቤ ላሳያችሁ። በእግር ኳስ አንድ ጎል ትልቅ ነገር ነው፤ ጎል በገባ ቁጥር መለጠፍ ይቻላል፤ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። በቅርጫት ኳስ ግን በአራት ጊዜ ተከፍሎ በሚደረገው የ40 ደቂቃ ጨዋታ አንድ ቡድን ኳስ ከያዘ በ24 ሴኮንድ ውስጥ መወርወር ግዴታው ስለሆነ፣ ነጥቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ልምድ የሌለው የገጽ ጠባቂ እያንዳንዱን ቅርጫት ልናገር ብሎ ሲነሣ የተከታዮቹ ስልክ እየጮኸ ያስቸግራቸውና፣ ከሁለተኛው ሩብ በፊት ድምፁን ዘግተውት ይሄዳሉ። ልምድ ያለው በየሩቡ መጨረሻ ነጥቡን ይናገራል፤ በመካከሉ ጨዋታው የዞረባትን አንዲት ቅጽበት ብቻ ይመርጣል፤ ይኸውም በስምንት ነጥብ ሲመራ የነበረው ቡድን አቻ የሆነባትን፣ ወይም አምስተኛ ጥፋት የሠራው ረጅሙ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወደ ወንበሩ የተመለሰባትን ጊዜ ነው። ፎቶው ከቪዲዮው ይልቅ በደካማ ኔትወርክ ቶሎ እንደሚያልፍ ያውቃል፤ ፓወር ባንኩን ሞልቶ ይመጣል፤ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ አስቦበታል።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ደቂቃ ነው። አንድ ነጥብ ልዩነት አለ እንበል፤ ኳስ በእኛ ልጅ እጅ ነው፤ ሰዓቱ ወደ ዜሮ እየወረደ ነው፤ ልጁ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ሆኖ ይወረውራል፤ ሰማያዊውም ቀዩም ደጋፊ ይነሣል፤ ኳሱ ይገባል። በዚያች ቅጽበት የገጹ ጠባቂ ጣት «አሸነፍን» የሚለውን አዘጋጅቶ ያስቀመጠውን ጽሑፍ ሊለጥፍ ይቸኩላል። ነገር ግን ሰዓቱ አልቆ መብራቱ ከበራ በኋላ ከእጅ የወጣ ኳስ አይቆጠርምና፣ ዳኞቹ ወደ ጠረጴዛው ሄደው እየተነጋገሩ ነው። ሌላው ገጽ ሁሉ ለጥፎታል፤ የእርሱ ጓደኛ በስልክ «ተኛህ እንዴ?» ይለዋል። ዳኛው እጁን አንሥቶ እስኪወስን ድረስ የሚታገሥ፣ ምናልባት አርባ ሴኮንድ ቢዘገይ ነው፤ ያልታገሠው ደግሞ ኳሱ ከተሻረ «አሸነፍን» ያለበት ጽሑፍ በፎቶ ተቀርጾ ለዓመታት መሳለቂያ ይሆናል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ ተጫዋች ወድቆ ጉልበቱን ይዞ ሲያቃስት ካሜራው ወደ ሌላ ይዙር፤ እናቱ የልጇን መሰበር ከስልክ መስኮት መስማት የለባትምና።

አርባ ሴኮንድ ለምን ያህል ዋጋ አለው የሚል ሰው ቢኖር፣ ወደ ራሷ ወደ መቐለ ታሪክ ልውሰደው። መቐለ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የእርሻና የንግድ ኮሌጆቹ ተዋሕደው ከተመሠረተ ወዲህ ከኢትዮጵያ አራቱም ማዕዘን ልጆች ሲቀበል ኖሯል፤ በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ደግሞ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ጨዋታ በዚሁ ከተማ ተደርጎ፣ ከአህጉሩ የመጡ ተማሪዎች በግቢዎቹ አድረዋል። ያ ሰሞን የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች አሥመራ ላይ የተቃቀፉበት ሰሞን ነበር፤ ብዙ ተስፋ በአየር ላይ ይበር ነበር። ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በትግራይ ጦርነት ሲጀመር የክልሉ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በመካከሉ ለጥቂት ጊዜ የተመለሰ ቢኖርም በ2013 ክረምት እንደገና ተዘጋ፤ በዚያን ጊዜ በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የቀሩት በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ወላጆች፣ ልጆቻችን በሕይወት አሉን ብለው ለመንግሥትም ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም አቤት ይሉ ነበር፤ ልጆቹም በመጨረሻ በአውቶቡስ በአፋር በኩል ተጉዘው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። በትግራይ ቤቶችም በኩል ያው ነበር፤ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ወራት ቆጥሯል። የሰላም ስምምነቱ በፕሪቶሪያ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ መስመሩ ቀስ በቀስ ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ጥሪ በየቤቱ ለቅሶ ነበር።

ይህን ያነሣሁት የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። «ልጆቻችሁ ደኅና ናቸው» የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ ከስፖርት ዜናው ሁሉ የከበደበት ጊዜ በዚህች ከተማ ላይ አልፏልና፣ ያን መስመር አንድ ቀን ለመጻፍ የሚገደድ ገጽ በቀላሉ ቀን፣ በኳሱ ቀን፣ እውነት መናገርን መልመድ አለበት ለማለት ነው። ነጥቡን አጋንኖ የሚናገር፣ የሽንፈቱን ቀን ዘሎ የድሉን ብቻ የሚለጥፍ፣ ዳኛ በወሰነው ላይ ሕዝብ የሚያነሣሣ ገጽ፣ ክፉ ቀን መጥቶ «አትደናገጡ» ቢል ማን ያምነዋል? የውድድር ሰሞን ለእኔ የታማኝነት መለማመጃ ነው፤ ሕዝቡ ውጤቱን ራሱ አይቶ የገጹን ቃል ከእውነቱ ጋር የሚያመሳክርበት ከጥቂቶቹ አጋጣሚዎች አንዱ ነውና።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል ልበል፤ ምክንያቱም የመቐለ ገጽ ጠባቂ ይህን ጥያቄ ሊሸሸው አይችልም። ትግርኛው ለከተማው፣ አማርኛው ከሌላው ክልል ለመጡት ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው፣ እንግሊዝኛው ለውጭው እንግዳ ነው። ሦስቱንም በአንድ ጽሑፍ ላይ መከመር ጽሑፉን የማስታወቂያ ሰሌዳ ያስመስለዋል፤ አንዱን ብቻ መርጦ ሌሎቹን መተውም ያልተመረጠውን ያስቀይማል። ትልቁ ዜና በሦስቱም ለየብቻው ቢወጣ፣ የሜዳው ደስታ ግን በተጫዋቹ አፍ በወጣበት ቋንቋ እንዳለ ቢቀመጥ መልካም ይመስለኛል። የተጫዋቾቹ ስም በትክክል ይጻፍ፤ የስም ፊደል ስቶ የልጁን ፎቶ መለጠፍ ለዘመዶቹ ከሽንፈቱ ይበልጥ ያማል።

የዩ.ኤም.ቢ.ሲ. ነገር በመጨረሻ ምን ሆነ የሚለኝ ይኖራል። ከታላቁ ድል በኋላ በሁለተኛው ቀን በካንሳስ ስቴት 50 ለ43 ተሸንፈው ተሰናበቱ። ያ ሠራተኛ በዚያች ማታ ዳኛ አልከሰሰም፤ ለተከታተሏቸው ሁሉ ምስጋና አቅርቦ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲያቸውም ጥቂት ነገር እንዳወቁ ተስፋ እንደሚያደርግ ጽፎ ዘጋ። ያን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ሁሉ ያ ትምህርት ቤት መሸነፍን የሚያውቅ ጨዋ ቤት መሆኑን ተረዳ። የተዋረደው ቨርጂኒያም በተከታዩ ዓመት ተመልሶ መጥቶ እ.ኤ.አ. የ2019ን ዋንጫ አነሣ።

ክቡራን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ሆይ፤ በዚህ ጉባኤ ውስጥ ጥቂቶቻችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ልመናዬን ለእናንተ አቀርባለሁ። ከመጪው ውድድር በፊት የገጻችሁን የይለፍ ቃል የያዘው ያ ወጣት ማን እንደሆነ አጣሩ፤ ሁለት ሰው ይሁኑ፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ያንብብ። ሥልጣኑን በጽሑፍ ስጡት፤ በሜዳው ዳር ሆኖ ለአንዲት ዓረፍተ ነገር የአምስት ቢሮ ፊርማ እንዲለምን አታድርጉት፤ በቅን ልብ ሠርቶ ቢሳሳት እናንተ ቀድማችሁ ቁሙለት። ከዚያም የድሉን መልእክት ትታችሁ፣ ቡድናችሁ ሲሸነፍ የሚወጣውን መልእክት ዛሬውኑ ጽፎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ አብራችሁም አንብቡት።